ረዳቱ ማን ነው?

ዛሬ ስለ ረዳት እናውራ።

ረዳት ስል የታክሲውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በር ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!" እያለ አምስት ሰው የሚጭነው ልጅማ ሥራው ከሾፌሩ ይልቅ ከኪሳችን ጋር ነው። ዋናው ረዳት የከባድ መኪናው ነው። አቀበት ላይ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባው፣ ጎማ የሚፈታው፣ ውሃ የሚሞላው፣ ሌሊት ጭነቱ ላይ ሸራ ለብሶ የሚያድረው ማለቴ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት በአሰብ መስመር ለብዙ ዓመት ኤንትሬ ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቅን፣ "ለመሆኑ ጥሩ ረዳት የሚባለው ምን ዓይነት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ጎማ ቶሎ የሚፈታ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ወሬ የማያልቅበት ነዋ!" አሉኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአፋር በረሃ መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ሙቀቱ አለ። ሞተሩ እንደ እሹሩሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ሾፌሩ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ሊተኛ ይችላል። ያኔ ታዲያ ረዳቱ ስለ ሠፈሩ ሰው፣ ስለ አክስቱ ሠርግ፣ ኮምቦልቻ ስለበሉት ጥብስ እያወራ፣ እየጠየቀ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ እያናደደ ሰውየውን ከእንቅልፍ ይጠብቀዋል። "ዝም ያለ ረዳት ገዳይ ነው" ነበር ያሉኝ።

ይሄን ያዙልኝና ወደ ዘመኑ ረዳት ልውሰዳችሁ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ የሌላት መኪና ከኋላው መጥታ ያላስደነገጠችው እግረኛ ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቹ የተሠሩት ቻይና ነው። ከነሱም ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸውም አንደበታቸውም ቻይንኛ ነው። ለመቀዝቀዝ ብሎ የነካው ምልክት ወንበሩን ሲያሞቅበት የሰነበተ ሰው አውቃለሁ። የኔዋም ከነዚሁ አንዷ ናት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ገና ዕዳዋን ከፍዬ አልጨረስኩም።

ያገናኘኝ ደላላ ታዲያ፣ "ጋሼ፣ ይቺማ ራሷ ትነዳለች! እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው ቁጭ ማለት ነው" ብሎኝ ነበር። ይቺን ቃሉንም ያዙልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፊት መስታወቱ ጀርባ ያለች ካሜራ የመንገዱን ነጭ መስመር ታነባለች። ራዳር ከፊት ካለው መኪና ያላችሁን ርቀት ይለካል። ከመሪው ጋር የተያያዘ ትንሽ ሞተር ደግሞ በሁለቱ መስመሮች መካከል አስተካክሎ ይይዛችኋል። ፍሬኑንና ነዳጅ መስጫውንም መኪናዋ ራሷ ትቆጣጠራለች። (ነዳጅ የሌላት መኪና ላይ "ነዳጅ መስጫ" ማለታችንን መቼ እንደምንተው እንጃ!) ፈረንጆቹ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሾፌር ረዳት ይሉታል። ልብ በሉ፣ ሾፌር አላሉትም። ረዳት ነው ያሉት።

ከተማ ውስጥ ይሄ ጥበብ ብዙም እርባና የለውም። መስመር የምታነበው መስመር ሲኖር ነው። በኮሪደር ልማቱ አስፋልቱ አምሮ መስመሩ በደንብ በተቀባበትም ቦታ ቢሆን እኛ መስመሩን እንደ ጌጥ ነው የምናየው። በግራ ሚኒባስ፣ በቀኝ ባጃጅ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሐሳቡን ያልወሰነ እግረኛ ባለበት ያቺ ምስኪን እንደ እሳት አደጋ መኪና ስትጮህ ትውላለች። ሰዉም አጥፍቷት ይነዳል።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ትኬት ቆርጣችሁ የአዳማ ፈጣን መንገድ ውስጥ ስትገቡ ግን ነገር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው ይህ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር አለው፤ ዳር ዳሩ ታጥሯል። የቻይናዋ ረዳት "አሁን ገና አገሬን አየሁ" የምትልበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው። መጀመሪያ የሞከርኳት ከባለቤቴ ጋር ሆነን ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፤ መሪው በእጄ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ ተሰማኝ። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ሁለት እጅ መሪ የያዘ ቢጫ ሥዕል ብቅ አለ። ቀጥሎ ደወል። ቀጥሎ ጨዋ ድምፅ ያላት ሴትዮ በቻይንኛ የሆነ ነገር አለች።

"ምን አለች?" አለች ባለቤቴ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

ሴትዮዋ ደገመችው። ድምፅዋ ጨመረ። ሦስተኛ ስትለው ጨዋነቷ አልቆ ነበር።

በኋላ መንገድ ከሚሠራ የቻይና ድርጅት ጋር በአስተርጓሚነት የሠራ የጎረቤት ልጅ ነው የፈታልን። "‘እባክዎ መሪውን ይያዙ’ ነው የምትልዎት፣ ጋሼ።" (ይህ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጮክ ተብሎ ቢነገር ጣጣ ነበረው፤ እንኳን በቻይንኛ ሆነ።)

እንግዲህ እኔን ያንጨረጨረኝ እዚህ ላይ ነው። ይዤዋለሁ እኮ! ሁለቱም እጄ መሪው ላይ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳነብ ነው ምስጢሩ የገባኝ። ብዙዎቹ መኪናዎች እጅ የሚለዩት መሪው ላይ በሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። መሪውን ትንሽ ወዲያ ወይ ወዲህ ስትገፉት "አለ" ይላሉ። እጃችሁን አሳርፋችሁ፣ ሳትነቀንቁ፣ እንደ ጥሩ ሾፌር ረጋ ብላችሁ ከያዛችሁት ግን ለነሱ የላችሁም። ንክኪ ራሱን የሚለይ መሪ ያላቸው መኪናዎች አሉ፤ የኔዋ ግን ከነሱ ወገን አይደለችም። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ይወቀሳል፤ መሪ የሚያወዛውዝ ይመሰገናል። ምስጋናውም ልክ አለው። በኃይል ከገፋችሁት ደግሞ "በሉ እንግዲህ ራሳችሁ ንዱት" ብላ ትለቃለች።

አውሮፓን ጨምሮ ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 79 ይህን በሰከንድ ቆርጦ አስቀምጦታል። ረዳቱ የሾፌሩ እጅ ካልተሰማው ቢበዛ በ15 ሰከንድ ውስጥ በምልክት ያሳስባል። 30 ሰከንድ ሲሞላ ምልክቱ ቀይ ይሆናል፤ ጩኸትም ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ካለፈ ሥራውን ያቆማል። የኔዋም ትዕግሥት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሂሳቡን ሠራሁት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ አዳማ ለመድረስ 48 ደቂቃ ይፈጃል። በየ15 ሰከንዱ ብትጠይቃችሁ 192 ጊዜ "አለሁ" ማለት አለባችሁ። እኔ እናቴን በዓመት 192 ጊዜ ደውዬ "አለሁ" ብያት አላውቅም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሰዎች ይሄን ነገር ሌላ ቦታ አይታችሁታል። ኮት ወንበር ላይ ተሰቅሏል። መነጽር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ባለጉዳይ ሲመጣ "አሁን እዚህ ነበሩ፣ ኮታቸው አለ" ይባላል። ኮቱ አለ፤ ሰውየው የለም። አለቆች ይህን ሲያውቁ የፊርማ መዝገብ አመጡ፤ ሠራተኛው ለጓደኛው መፈረም ጀመረ። የጣት አሻራ መጣ፤ ጠዋት ጣቱን አሳርፎ ወደ ግል ጉዳዩ የሚሄድ ተገኘ። ቁጥጥሩ በረቀቀ ቁጥር የሚቆጠረው ነገር ከሚፈለገው ነገር እየራቀ ሄደ። የተፈለገው ሥራ ነበር፤ የተቆጠረው ጣት ሆነ። መኪናዋም እንዲሁ ናት። የምትፈልገው ልቤን ነው፤ የምትቆጥረው እጄን።

ኮት መስቀል ደግሞ የኛ ብቻ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች መሪው ክፍተት ውስጥ ብርቱካን ወትፈው ሲነዱ በቪዲዮ ታይተዋል። አዎ፣ ብርቱካን! ክብደቱ መሪውን በትንሹ ስለሚስበው መኪናዋ እጅ ይመስላታል። አንዱ ደግሞ ለዚሁ የሚሆን፣ መሪ ላይ የሚለጠፍ ክብደት ሠርቶ ገበያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት መሸጥህን አቁም ብሎ አዘዘው።

እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ብርቱካኑ አይደለም። የታናሽ እህቴ ባል ለሥራ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አዳማ ይመላለሳል። ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ይሄን የምለው አማቼ ስለሆነ አይደለም። በቀደም እሑድ ለለቅሶ አብረን ስንሄድ እኔ ፊት ተቀመጥኩ፤ እህቴና የሰባት ዓመት ልጃቸው ከኋላ። ፈጣን መንገዱ ላይ አሥር ደቂቃ ሄደን ደወል የለም፣ ሴትዮዋ የለች።

"ያንተዋ አትናገርም እንዴ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ዝም አሰኘኋት እኮ!" ብሎ ወደ መሪው በአገጩ ጠቆመኝ። ስፖርት ሲሠራ እግሩ ላይ የሚያስራትን ክብደት መሪው አንድ ጎን ላይ ጠምጥሟታል። "በቀን መቶ ጊዜ ስትነዘንዘኝ ምን ላድርግ? ሥራ ደክሞኝ እየተመለስኩ ጭራሽ እሷ ታደክመኝ? መንገዱ እንደሆነ ታጥሯል፤ አህያ አይገባበት፣ ሰው አይሻገርበት።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ንዴቱ ገብቶኛል። "ራሷ ትነዳለች" ተብሎ የተሸጠለት ሰው ነው። የከፈለው ለማረፍ ነው። ያገኘው ደግሞ በየ15 ሰከንዱ ስም የሚጠራ መምህር። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ወይ ትነዳለች፣ ወይ እኔ እነዳለሁ።

ግን እየነዳ ያለው ማን ነው? ጎረቤቴ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ሳያመነቱ የሚመልሱት ይመስለኛል። መሪ የያዘው፣ ፍሬን የሚረግጠው ሾፌር ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ መንገድ የሚያየው ረዳት ነው። እንግዲህ እኛ ባለመኪናዎች ሳይነገረን ረዳት ሆነናል ማለት ነው። የረዳትነት ሥራ ደግሞ ከሾፌርነት የቀለለ ይመስላል እንጂ አይቀልም። እ.ኤ.አ. በ1948 ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳተመ። በጦርነቱ ጊዜ በራዳር የባሕር ሰርጓጅ የሚፈልጉ ወታደሮች ለምን እያዩ እንደሚያልፋቸው ግራ አጋብቶ ነበር። ሰውየው ባዶ ሰሌዳ ላይ በየሰከንዱ አንዴ የምትዘል ቀስት ሠራ። ቀስቷ አልፎ አልፎ እጥፍ ትዘላለች። የተቀመጠው ሰው ሥራ እጥፍ ስትዘል ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። ጤነኛ፣ ንቁ፣ ወጣት ሰዎች ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው በግልጽ እየበዛ ሄደ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ምንም የማይሆንበትን ነገር ነቅቶ መጠበቅ ለሰው ልጅ አልተሰጠውም። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በ1983 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ ወደ ፋብሪካ አምጥታ ጻፈችው። ማሽኑ ቀላሉን ሥራ ወስዶ ለሰው የሚተውለት ከባዱን ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥና፣ ማሽኑ የማይችለው ነገር ሲመጣ በቅጽበት ባለሙያ እንዲሆን ይጠበቃል። ያኔ ራሷን የምትይዝ መኪና ገና አልነበረችም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ፍሎሪዳ ውስጥ ቴስላ የሚነዳ ሰው መንገድ የሚያቋርጥ ተሳቢ ሥር ገብቶ ሞተ። መኪናዋ ፍሬን አልያዘችም፤ እሱም አልያዘም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሲመረምር፣ ረዳቱ በሠራበት 37 ደቂቃ ውስጥ የሰውየው እጅ መሪው ላይ የተሰማው በድምሩ ለ25 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። በዲሴምበር 2023 ቴስላ 2 ሚሊዮን የሚያህሉ መኪናዎቹን ማሳሰቢያ በሶፍትዌር እንዲያጠብቅ ተደረገ። ሰዉ ብርቱካን ሲወትፍ ኩባንያው ጩኸት ይጨምራል፤ ጩኸት ሲጨምር ሰዉ ክብደት ይፈልጋል።

ለኛ መኪናዎች የሚቀርበው ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2025 ሌሊት ቻይና፣ አንሁይ ክፍለ ሀገር ውስጥ በፈጣን መንገድ ስትሄድ የነበረች አንዲት የሻኦሚ መኪና ከኮንክሪት አጥር ጋር ተጋጭታ በውስጧ የነበሩ ሦስት ወጣቶች ሞቱ። መንገዱ ለጥገና ተዘግቶ ትራፊኩ ወደ ተቃራኒው መስመር እንዲዞር ተደርጎ ነበር። ኩባንያው ራሱ ባወጣው መረጃ መኪናዋ በረዳቱ እየተመራች በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ከአደጋው ስምንት ደቂቃ ገደማ በፊት "እባክዎ መሪውን ይያዙ" ብላለች። ያቺው የኔዋ ሴትዮ የምትለውን ማለት ነው። ከዚያ ከፊት እንቅፋት እንዳለ አስጠነቀቀች። አንድ ሰከንድ ቆይቶ ሾፌሯ መሪውን ያዘች። ግጭቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ታልፋላችሁ። እንግዲህ አስቡት።

በቀጣዩ ወር የቻይና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አምራቾችን ሰብስቦ በማስታወቂያችሁ አታጋንኑ፣ "ራሷ ትነዳለች" የሚያስመስል ቃል አትጠቀሙ አላቸው። እኔን የሚያበግነኝ ደወሉ ሳይሆን ይህ ቃል ነው። ያ ደላላ ቃሉን ከየትም አላመጣውም፤ ከላይ ሲንከባለል ነው የደረሰው። ቻይና ላይ የታገደው ቃል ደግሞ እዚህ እኛ ዘንድ ማንም አላገደውም።

የተሻለ መላ የለም አልልም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንዳንድ ካዲላኮቹ ላይ የሾፌሩን ዓይን የምታይ ካሜራ ገጠመ። መኪናዋ እጅ አትጠይቅም፤ ዓይናችሁ ከመንገዱ ከተነሳ ነው የምትጮኸው። ሌሎችም ተከትለውታል። ከእጅ ዓይን ይሻላል። ግን ስብሰባ የምታዘወትሩ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ሰው ዓይኑን ተናጋሪው ላይ ተክሎ ልቡን ቤት ሠርቶ ሊጨርስ ይችላል።

ወደ አማቼ ልመለስ። ሞጆን ሳንደርስ ስልኩ ጮኸ። አነሳና ማንበብ ጀመረ። ማንበብ ብቻ ቢሆን! በአንድ ጣቱ መልስ መጻፍ ያዘ። መኪናዋ በመስመሯ መካከል እንደ ባቡር ትሄዳለች። እኔ መንገዱን አያለሁ። ራቅ ብሎ አንድ አይሱዙ ዳር ቆሟል፤ ቂጡ ግማሽ ወደኛ መስመር ወጥቷል። ከኋላው የአገራችን ምልክት፣ አንድ ቅርንጫፍ፣ አስፋልቱ ላይ ተጥሏል። እንዲህ ያለ የቆመ ነገር በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ረዳቱ ላያየው እንደሚችል በብዙዎቹ መኪናዎች መመሪያ ላይ ተጽፏል። ቅርንጫፍ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የቻይና ካሜራ ማን አስተምሯት!

"አይሱዙ!" አልኩ። አልኩ ሳይሆን ጮኽኩ።

ቀና አለ፤ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ በሰላም አለፍን። የግራው መስመር ባዶ ነበር። መኪናዋ ታየው ነበር ወይስ አታየውም የሚለውን እስካሁን እንከራከራለን። እሱ ታየው ነበር ይላል። እህቴ ምንም አላለችም፤ ልጅቷን ብቻ ወደ ራሷ አስጠጋች።

ቀሪውን መንገድ አላስቆምኩትም። ስለ ሟቹ አወራሁ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ አወራሁ፣ ስለሚደግፈው ቡድን ክፉ ክፉውን ተናገርኩ። ቡድኑ ሲነካበት ስልኩን አስቀምጦ እጁን እያወናጨፈ ሲከራከረኝ አዳማ ደረስን።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ዘንድ ደውዬ ክብደቷ ከመሪው ላይ ወርዳ እንደሆነ ጠየቅኋት። አልወረደችም። "ስነግረው እሺ ይላል፤ ከከተማ ሲወጣ ይጠመጥማታል" አለችኝ። ደወሉም የለ፣ ሴትዮዋም የለች። ልጅቷ ግን መኪናዋ ትናገር በነበረበት ጊዜ ያቺን ቻይንኛ በቃሏ ይዛታለች። አሁን አባቷ ስልክ ባነሳ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሆና፣ ልክ በዚያች ሴትዮ ድምፅ፣ መጀመሪያ በጨዋነት፣ ቀጥሎ ጮክ እያለች ትለዋለች አሉ።